የባንዲራ ሰፊው ዓይን

ጋሽ ወልደገብርኤል ፖለቲካን የሚያውቁት በሜትር ነበር። ጋዜጣ አያነቡም፤ ሬዲዮም ቢሆን ከጎረቤት ሱቅ የሚደርሳቸውን ያህል ነው የሚሰሙት። ግን ከነፃነት ማግሥት ጀምሮ ፒያሳ ላይ ባንዲራ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ አገሪቱ ከማን ጋር እንደተወዳጀችና ማንን እንዳኮረፈች ከብዙ ሹማምንት ቀድመው ይደርሱበታል። የውጭ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ከመሥሪያ ቤት ሰው ይላካል፤ የባንዲራው ሥዕል ይሰጣቸዋል፤ አርባ ወይም ስድሳ ይታዘዛል። ጨርቁን ለክተው ይቆርጣሉ፣ ይገጥማሉ፣ ይቀመቅማሉ። እንግዳው መጥቶ ይሄዳል። ባንዲራው ወርዶ፣ ታጥቦ መጋዘን ይገባል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሰፉት የእንግሊዝን ነው፤ ያ ሁሉ የተደራረበ መስቀል ጣታቸውን በመርፌ አድምቶት ነበር። ቀጥሎ የአሜሪካን ሰፉ፤ ኮከቡን ሲቆጥሩ ራሳቸውን ያማቸው ነበር። የህንድን ሰፉ፣ የዩጎዝላቪያን ሰፉ። ቀዩን የሶቪየት ባንዲራ የታዘዙ ጊዜ ግን ግራ ገባቸው። ኮሚኒስት የሚለው ስም ሲነሳ በሚማተብበት አገር መዶሻና ማጭድ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ። ትእዛዙን ያመጣው ሰው፣ አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ የሚሠሩልን እነሱ ናቸው ብሎ መለሰላቸው። ጋሽ ወልደገብርኤል ማጭዱን ቆርጠው እየለጠፉ ነገሩን ሲያብላሉት ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ባንዲራ ሲታዘዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቀለሙን ሳይሆን እንግዶቹ ምን ይዘው እንደሚመጡ ሆነ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ከሚቃጠል ነገር አይርቅም።

ሱቋ ከጊዮርጊስ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ በረንዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ። ሚስታቸው አሰፋች ቅምቅማቱን በእጅ ትጨርሳለች፤ ማታ ማታ አብረው ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ። ከጎናቸው ጨርቅ ነጋዴው አብዱልሃሚድ አለ። አብዱልሃሚድና ጋሽ ወልደገብርኤል የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ ከጉራጌ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው ነው አዲስ አበባ የገቡት። አንዱ ጨርቅ ሲሸጥ፣ ሌላው ሲቀድ፣ አንዱ ሲሰግድ፣ ሌላው ሲሳለም አረጁ። ሬዲዮው የአብዱልሃሚድ ነው፤ ዜና ሲጀምር ለሁለቱም ሱቅ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል።

አሁን ሰውየው ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ደክሟል ማለትም ማቆላመጥ ነው። ግራው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቀኙም በቆሸሸ መስታወት ጀርባ እንደማየት ያለ ነገር ሆኗል፤ ቀይ ቀይነቱ ይታወቃቸዋል፣ ነጭም ይታወቃቸዋል፤ ጠቆር ያለው ሁሉ ግን አንድ ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ባንዲራ ሰፊ ቀለም አይለይም ከተባለ በማግሥቱ ትእዛዙ ሌላ ሱቅ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ስለዚህ መላ ፈጠሩ። ጨርቆቹን በመደርደሪያው ላይ በቦታ ለዩዋቸው። ከላይ በግራ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፤ ሰማያዊው በመኪናው በስተቀኝ ለብቻው፤ ጥቁሩ ሁለት ጣቃ በታችኛው ሳንቃ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ። እጃቸው ቦታውን ያውቃል፤ ዓይናቸው አይጠየቅም።

አሰፋች ይህን ሁሉ ታውቃለች። ታውቃለች እንጂ አውቃለሁ ብላ አታውቅም። ክር ስታቀብል ቀለሙን እንደ ዋዛ ጣል ታደርጋለች፤ «ይኸ ቀዩ ትንሽ ሳስቷል» ትላለች፣ ቀይ መሆኑን እንዲያውቁት። እሳቸውም «አይቼዋለሁ» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ማታ ወደ ቤት ሲወርዱ ቦይ ሊገቡ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው፤ መነጨቋት። ፒያሳ መኻል ላይ እንደ ዕውር አልመራም አሏት፤ ሰው እያየ አታዋርጂኝ አሏት። ከዚያ ወዲያ አልያዘቻቸውም፤ አንድ እርምጃ ቀድማ እየሄደች በጫማዋ ድምፅ ትመራቸው ጀመር። ሁለቱም በዚህ ውሸት ደክመዋል፤ ግን ማን ይጀምረው?

በነሐሴ ለአብዱልሃሚድ ብቻ ተናገሩ። አብዱልሃሚድ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራውን ትቶ ጠየቀ፣ አጠያየቀ፤ ከእስራኤል የመጡ አንድ የዓይን ሐኪም መኖራቸውን ሰማና ጋሽ ወልደገብርኤልን ይዞ ሄደ። ሐኪሙ አጭር፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ከሱሪያቸው የሚወጣ ሰው ናቸው። ሰርክአዲስ የምትባል ነርስ ታስተረጉማለች። ሐኪሙ የጋሽ ወልደገብርኤልን ዓይን በመብራት ሲያዩ ብዙ ቆዩ። ግራው ረፍዶበታል አሉ። ቀኙ ግን የዓይን ሞራ ነው፤ ይገፈፋል፤ ከተገፈፈ ያያሉ። እስከሚቀጥለው ክረምት ካልተገፈፈ ግን እንደ ግራው ይሆናል። ለኅዳር ዐሥር ቀን ቀጠሯቸው። ጋሽ ወልደገብርኤል የሐኪሙን እጅ ይዘው ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው፣ የአገርዎን ባንዲራ እኮ የምሰፋው እኔ ነኝ አሏቸው። ሐኪሙ ሳቁ። እንግዲያውስ ሰማያዊውን በደንብ እንዲያዩት አደርግዎታለሁ አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ወራት ለጋሽ ወልደገብርኤል እንደ ዓመት በዓል ዋዜማ ነበሩ። መስቀልን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው አሳለፉት፣ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። የደመራውን እሳት እንደ ቢጫ ጉም አዩት፤ የሚቀጥለውን እስከ ጭራሮው አየዋለሁ አሉ ለራሳቸው።

ጥቅምት ገባ። የአብዱልሃሚድ ሬዲዮ ጠዋት ማታ የሚያወራው በአረቦችና በእስራኤል መካከል ስለ ተነሳው ጦርነት ሆነ። ጋሽ ወልደገብርኤል መጀመሪያ አላሳሰባቸውም፤ ጦርነቱ ሩቅ ነው። ከዚያ ሬዲዮው ነዳጅ ነዳጅ ይል ጀመር። አብዱልሃሚድ ነገሩን ከዜናው እየቀነጨበ አስረዳቸው። ነዳጅ ያላቸው የአረብ አገሮች ከእስራኤል ጋር የወገነ ዘይታችንን አያገኝም ብለው ቆርጠዋል። የአፍሪካ መንግሥታት አንድ በአንድ ከእስራኤል ጋር ያላቸውን ግንኙነት እያቋረጡ ነው። ሁሉም በነዳጅ ብቻ አይደለም፣ ሌላም ምክንያት አለው ይባላል፤ ግን መኪናው እንዳይቆምበት የማይፈልግ ማን አለ? ጋሽ ወልደገብርኤል መቀሳቸውን አስቀመጡ። እኛስ አሉ። አብዱልሃሚድ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገና እኛማ የቆየ ወዳጅነት አለን አለ። ይህን ሲል ፊቱን አላዩትም፣ ድምፁ ግን አላማራቸውም።

በጥቅምት አጋማሽ እኛም አቋረጥን። ሬዲዮው በአንድ አንቀጽ ጨረሰው።

በማግሥቱ ዓምደሚካኤል መጣ። ዓምደሚካኤል ከመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ የሚያመጣው ጸሐፊ ነው፤ ከረባቱ ጠበቅ ያለ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ክፉ ያልሆነ ሰው። የእስራኤል ባንዲራ ተጀምሮ ከሆነ እንዲቆም፣ ነጩና ሰማያዊው ጎን ለጎን ሆኖ ከመንገድ እንዳይታይ ንገራቸው ተብሎ መላኩን አስረዳ። ሰማያዊውን ጣቃ ከዓይን እንዲያርቁት ለመነ። በዚህ መንገድ አዳዲስ እንግዶች ያልፋሉ አለ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ስለ ባንዲራው አልጠየቁም። «ሐኪሞቹስ?» አሉት።

«የቱ ሐኪሞች?»

«የእስራኤል ሐኪሞች። እነሱም ይሄዳሉ?»

«ጋሼ፣ ይህ የአገር ጉዳይ ነው» አለ። «አገር በነዳጅ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንድ ሁለት ሐኪም ቢሄድ ሌላ ይመጣል።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ኮታቸውን ለበሱና ለአሰፋች ሳይነግሯት ወጡ። ሐኪሙን ሻንጣ ሲያስሩ ደረሱባቸው። ሰርክአዲስ ስታስተረጉም ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። ሐኪሙ አዝናለሁ አሉ፤ ሦስት ጊዜ አሉ። አሥመራ አንድ ጣልያናዊ የዓይን ሐኪም ወዳጅ እንዳላቸው ተናግረው ደብዳቤ ጻፉላቸው። እዚህ አዲስ አበባ ተራ ልያዝልዎ ብላ ሰርክአዲስ መዝገቡን ገልጣ አየች፤ ስማቸው የሚደርሰው ከሚቀጥለው መስከረም በኋላ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ሲወጡ ሐኪሙ ትከሻቸውን ያዝ አደረጓቸው፤ ሸሚዛቸው እንደ ልማዱ ከሱሪያቸው ወጥቶ ነበር፤ ጋሽ ወልደገብርኤል እሱን እንኳ አላዩም።

ወደ ሱቅ ሲመለሱ አሰፋች መደርደሪያውን አስተካክላ ጠበቀቻቸው። ዓምደሚካኤል የተናገረውን ሰምታ ሰማያዊውን ጣቃ ከመኪናው ጎን አንስታ ታችኛው ሳንቃ ላይ ከጥቁሩ ሥር አስገብታዋለች፤ ሁለተኛውን ጥቁር ጣቃ ደግሞ ቦታ ስለጠበባት ወደ ጓዳ ወስዳዋለች። ነገረቻቸው። በግልጽ፣ ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ኅዳር ዐሥርን ነበር የሚያስቡት። «አይቼዋለሁ» አሏት እንደ ልማዳቸው።

ከአሥመራ መልስ እስኪመጣ ታኅሣሥ አለቀ። ጣልያናዊው በየካቲት ዐሥራ ሦስት ቀን ይምጡ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አገሬ ለዕረፍት እሄዳለሁና አይዘግዩ ብሎ ጻፈ። ደብዳቤው ሲነበብ የሰማችው አሰፋች ስንቅ ማሰናዳት ጀመረች፤ ምን ያህል እንደሚያዩ ግን አሁንም አልተነጋገሩም። አሥመራ በአውቶቡስ ስንት ቀን ይፈጃል፣ የት ይታደራል፣ ዓይናቸው ታስሮ ሲመለሱ ብርድ እንዳይመታቸው በምን ይሸፈናል እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀች። ሰው ሁሉ የሰውየውን ዓይን ያወቀው በዚህ ነው፤ ዓምደሚካኤል ብቻ አልሰማም።

በጥር ዓምደሚካኤል በጣም ተቻኩሎ መጣ። ከአንድ የነዳጅ አገር ሚኒስትር ይመጣሉ አለ። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ በምሰሶው በኩል ደግሞ ጥቁር ያለበት ባንዲራ ነው፤ አርባ ይፈለጋል፤ ስምንት ቀን ብቻ ነው ያለው። ጋሽ ወልደገብርኤል እንደ ድሮው ምን ይዘው ይመጣሉ ብለው ጠየቁ። ዓምደሚካኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እንደዚያ ሲያደርግ አይተውት አያውቁም። የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ እጥፍ በእጥፍ ሆኗል አላቸው። በርካሽ እንዲሸጡልን ልንለምናቸው ነው። ወዳጅ የተውነው ለእነሱ ስንል ነው፤ እንግዲህ እንዲያስቡልን ነው። ድምፁ ውስጥ ኀፍረት ያለ መሰላቸው። ለነገሩ ድካምም ሊሆን ይችላል።

ሰፉ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰፉ፤ ቀኙ ዓይናቸው እንባ እያዘነበ። አረንጓዴውን ከቦታው፣ ነጩን ከቦታው፣ ቀዩን ከቦታው እያነሱ ቆረጡ። ጥቁሩን ጣቃ ሃያ ስምንተኛው ባንዲራ ላይ ጨረሱት። እጃቸውን ከሥሩ ሰደዱ፤ ሁለተኛው ጥቁር ጣቃ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ ላይ ጣቃ አገኙ። ውፍረቱ ያው ነው፤ የአንድ ፋብሪካ ጨርቅ ነው፤ ዓይናቸው ላይም ያው ጥቁር ነው። ዐሥራ ሁለቱን ቆርጠው ገጠሙ። አሰፋች እነዚያን ሁለት ቀናት እሪ በከንቱ የሞተ ጎረቤት ለቅሶ ላይ ነበረች።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ዓምደሚካኤል ለአለቃው የሚታይ አንድ ናሙና ፈልጎ ሮጦ ገባ፤ ከክምሩ ላይ የመጨረሻውን መዝዞ፣ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ሮጦ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አብዱልሃሚድ ሻይ ይዞ መጣ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል እጁ ቆመ። አንዱን ባንዲራ አነሳ፤ ወደ በሩ ይዞ ሄደ፤ ሌላውን አነሳ።

«ወልዴ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ይኸ ምንድን ነው?»

«ጥቁሩ ነዋ!»

«ሰማያዊ ነው። የእስራኤሉ ሰማያዊ ነው ወልዴ።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ጨርቁን ዳበሱት፤ መዳበሱ ምንም አልነገራቸውም። ነዳጅ ልንለምነው ለሚመጣው ሰው የጠላቱን ቀለም ከባንዲራው ጋር ሰፍተው ሊሰቅሉለት ነበር። ይህን ሲያስቡ የመጣባቸው መዓት ብዙ ነው፤ እስር ቤት መጣባቸው፣ ዓምደሚካኤል ከሥራ ሲባረር መጣባቸው፣ አገር በሙሉ ነዳጅ አጥቶ ቆሞ ጣቱን ወደ እሳቸው ሲቀስር መጣባቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አሥመራ መጣባቸው። እሱ ሲመጣ ነው ጨርቁን ከእጃቸው የጣሉት።

አብዱልሃሚድ ግን ሱቁን ዘግቶ፣ ከራሱ መደርደሪያ ጥቁር ጨርቅ አምጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መተርተር ጀመረ። አሰፋች ከለቅሶው በዚያው ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ደረሰች፤ ነገሩን ስታይ ምላጭ አነሳችና አጠገቡ ተቀመጠች። ሦስቱም ሲተረትሩና ሲገጥሙ ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። አብዱልሃሚድ አልፎ አልፎ ያሾፍ ነበር። እኔ እስላሙ የአረቡን ባንዲራ ከእስራኤል አስጣልኩ፣ ይህን ለጁምዓ ወዳጆቼ ሳልነግር መሞቴ ነው አለ። ማንም ብዙ አልሳቀም። ዐሥራ አንዱ ተጠናቀቀ። ዐሥራ ሁለተኛው ያለው ዓምደሚካኤል ዘንድ ነው።

ጋሽ ወልደገብርኤል ልንገረው አሉ። ተነስተው ኮታቸውን ፈለጉ። አብዱልሃሚድ በሩ ላይ ቆመባቸው።

«ከነገርከው ዓይንህን ትነግረዋለህ» አላቸው። «ዓይንህን ካወቀ ሥራው የለም። ሥራው ከሌለ አሥመራም የለም። ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። አመሻሹ ላይ ዓምደሚካኤል መኪና ይዞ ባንዲራዎቹን ሊወስድ መጣ። ፈገግ ብሏል። አለቃችን ናሙናውን አይተው እጅግ አምሯል አሉ፤ እንዲያውም እዚሁ ፒያሳ ካለው ሲኒማ ፊት ለፊት፣ የእንግዳው መኪና ቀስ በሚልበት ቦታ እሱ ራሱ ይሰቀል ብለዋል አላቸው። አሰፋች «እንኳን ወደዱት» አለች፤ ጭራሽ ሳቅ አለች። ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት አብረዋት ሲኖሩ እንዲህ መዋሸት እንደምትችል አያውቁም ነበር።

እንግዳው የመጡ ዕለት ፒያሳ ተጠርጎ፣ ውኃ ተረጭቶበት፣ ተማሪ ተሰልፎበት ነበር። ጋሽ ወልደገብርኤል በረንዳቸው ላይ ቆመው የሞተር ድምፅ ሲያልፍ ሰሙ። መጋረጃው የተዘጋ መኪና ነው አለች አሰፋች። እንደ ዓይን ጥቅሻ አለፈ። ከሲኒማው በኩል ጩኸት ይሰማ እንደሆነ ጠበቁ፤ ፖሊስ ይመጣ እንደሆነ ጠበቁ። የሚያጨበጭቡት ተማሪዎች ብቻ ተሰሙ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው። በር በተንኳኳ ቁጥር መነሳት ሆነ። ዓምደሚካኤል ከሳምንት በኋላ ብቅ ብሎ ነዳጁ እንዴት ሆነ ብለው ሲጠይቁት፣ ይታሰብበታል ብለውናል አለ። ሌላ የተናገረው ነገር የለም። መፍራታቸው ግን አልቀረላቸውም፤ ሳይያዙ መቅረታቸው ራሱ አደከማቸው።

የካቲት ገባ። እንዳልታሰበልን የታወቀው ቤንዚን በተወደደ ጊዜ ነው። ባለታክሲዎቹ በዚህ ዋጋ ነድተን የምንበላው የለም ብለው መኪናቸውን አቆሙ። ያ ሰኞ ጋሽ ወልደገብርኤልና አሰፋች ለአሥመራ የተቆረጠ ትኬት ይዘው፣ ስንቃቸውን አዝለው፣ ገና ሰማዩ ሳይነጣ ከእሪ በከንቱ ተነስተው ወደ አውቶቡስ ተራ በእግራቸው ሄዱ። አብዱልሃሚድ ሻንጣቸውን ተሸክሞ ሸኛቸው፤ መንገዱን ሁሉ እየቀለደ ነበር፤ ስትመለስ መልኬን አይተህ እንዳትደነግጥ፣ አርጅቻለሁ አለ።

አውቶቡሱ ቆሟል። ሾፌሩ መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ ተኝቷል። ረዳቱ ዛሬ አይወጣም አላቸው። ነገስ ሲሉት ነገም እንጃ አለ። ነዳጅ የለም፤ ያለውም ቢቀዳ መንገድ ላይ ድንጋይ ይወረወራል ተብሏል። አሰፋች የሐኪሙን ደብዳቤ አውጥታ አሳየችው፤ ለመነችው። ሾፌሩ ቀና ብሎ ሰማት፤ እናቴ፣ ደብዳቤው ሞተር ያስነሳ እንደሆነ ስጪኝ አለ። ክፋት አልነበረውም፤ እሱም ደክሞታል። እዚያው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው እስከ ቀትር ጠበቁ። ማክሰኞም ሄደው ጠበቁ። ረቡዕ ዐሥራ ሦስት ቀን ነው፤ አሥመራ ጣልያናዊው የሚጠብቃቸው ቀን። ያን ዕለት ከመሄዳቸው በፊት ጋሽ ወልደገብርኤል ይቅር፣ እንግዲህ አልደርስም አሉ። አሰፋች ግን አንድ ጊዜ ደግሞ እንየው ብላ ወሰደቻቸው፤ አውቶቡሱ እንደ ቆመ ነው፤ ሾፌሩ እንኳ የለም።

ሲመለሱ በተክለ ሃይማኖት አድርገው ወደ ፒያሳ ወጡ። ከተማው ጸጥ ብሏል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የመኪና ጡሩምባ ሲሰሙ የኖሩበት ዳገት ላይ የሰው ኮቴ ብቻ ይሰማል። አሰፋች እንደ ልማዷ አንድ እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች። ሲኒማው ጋ ሲደርሱ የጫማዋ ድምፅ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ።

«ምንም።»

«አሰፋች።»

ከራሳቸው በላይ ጨርቅ ሲርገበገብ ሰሙ። የባንዲራ ድምፅ ነው፤ ያንን ለመለየት ዓይን አያስፈልጋቸውም። የእንግዳው ባንዲራ ከወረደ ወር ሊሞላው ነው፤ እዚያ ምሰሶ ላይ ግን የረሱት አንድ አለ። ከሲኒማው ፊት ለፊት። አለቃው አይተው እጅግ አምሯል ያሉት።

«እዚያች ባንዲራ ላይ፣ በምሰሶው በኩል ያለው» አሉ፤ «ጥቁር ነው?»

አሰፋች ቀና ብላ ስታየው ቆየች። የለመደችው መልስ አፏ ላይ ነበር።

«እውነቱን ንገሪኝ» አሏት። «ከእንግዲህ እኔም አልዋሽሽም። ምንም አይታየኝም አሰፋች። ፀሐይዋ ብቻ ናት የምትታየኝ።»

«ሰማያዊ ነው» አለች።

«ስንት ቀን ተሰቅሎ ኖረ?»

«ወር ሊሞላው ነው።»

«ሚኒስትሩ በሥሩ አልፈዋል።»

«አልፈዋል።»

«አንድ ሰው እንኳ አላየውም?»

«ማንም አላየውም» አለች። «ሁሉም ዓይን አለው፣ ማንም አላየውም።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ፍርሃት፣ ያ ሁሉ እንቅልፍ ማጣት ለዚህ ነበር። ሐኪሙ የሄዱት ለነዳጅ ተብሎ፤ ነዳጁም አልመጣ፣ ሐኪሙም አልተመለሱ። ቢሳቁ ደስ ባላቸው ነበር፤ ግን ጉልበቱ የላቸውም። ጥቂት ሰዎች በእግራቸው እያለፉ አዩዋቸው፤ የሚያውቋቸውም ነበሩ፤ ሰላም ጋሼ አሏቸው። መለሱላቸው።

ከዚያ ተነሱ። አንድ እርምጃ ቀድማ ልትሄድ የተዘጋጀችውን ሚስታቸውን በድምፅ ፈለጓት።

«አሰፋች» አሉ፤ «እጅሽን አምጪው።»

እጇን ሰጠቻቸው። ፒያሳ መኻል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እየመራቻቸው ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ ወረዱ።